መጀመሪያ የምትከፈተዋን ገጽ እዩልኝ

ውድ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ባሕር ዳር ፔዳ ግቢ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለችኝ። አራት ኮምፒውተር፣ አንድ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ፕሪንተር። ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ያስተይባል፣ ሰው ፎርም ያስሞላል፣ ሲቪ ያሠራል፣ ኢሜይል ያስልካል። አሁን ሁሉም ስልክ ይዟል ይባላል። እውነት ነው፣ ይዟል። ግን ረዘም ያለ ፎርም መሙላት፣ ፎቶ በልክ ቆርጦ ማስገባት፣ ፕሪንት ማውጣት ሲሆን ሰው አሁንም ወደ እኛ ነው የሚመጣው። የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ነገር ነው፤ ብራውዘር፣ ማለትም ኢንተርኔት የምናይበትን ፕሮግራም፣ ስንከፍት ቀድማ ስለምትመጣው ገጽ። እኛ ሆምፔጅ እንላታለን። በአማርኛው ሴቲንግ ላይ መነሻ ገጽ ተብላ ተጽፋለች።

እኔም ድሮ ከቁም ነገር አልቆጥራትም ነበር። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ግን አንድ ነገር ደረሰብኝ።

የዲቪ ሰሞን ነው። በዚያ ሰሞን የኛ ቤት ሥራ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት በር ስከፍት ሰው ቆሞ ይጠብቀኛል። ከዘጌ አንዲት እናት ወጣት ልጃቸውን ይዘው በጀልባ መጡ። እኔ ያን ቀን ለቅሶ ሄጄ ነበር፤ ቤቱን የያዘችው አብራኝ የምትሠራው ልጅ ናት። ብራውዘሩን ከፈተች። ነጭ ገጽ፣ መሀሉ ላይ የመፈለጊያ ሳጥን፣ ከላዩ ባለ ቀለም ጽሑፍ። ሁልጊዜ የምናየውን ይመስላል። ዲቪ ብላ ጻፈች፣ መጀመሪያ የመጣውን ተጫነች። ባንዲራ አለው፣ ንስር አለው፣ ፎርም አለው። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ስልክ ቁጥር፣ ፎቶ፣ ሁሉንም አስገባች። መጨረሻ ላይ በስልክ እናሳውቃለን የሚል ጽሑፍ መጣ። እናትየው መርቀው፣ ሂሳባቸውን ከፍለው ሄዱ።

በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። ቅዳሜ ነው፣ ጌሾ ሸጠው ከገበያ መመለሳቸው ነው፤ ሽታው ከነጠላቸው አልለቀቀም።

"ልጄ፣ ገንዘቡን ልኬያለሁ። ቁጥሩ መቼ ነው የሚመጣ?" አሉኝ።

"የምን ገንዘብ እማማ?"

"የዲቪው ነዋ! ደውለውልኝ የለ። ሦስት ሺህ ብር ይላኩ አሉኝ፣ ላክሁ።"

ክው አልኩ። ያኔ የዲቪ ምዝገባ በነጻ ነበር። ትክክለኛው ገጽ ላይ ምዝገባው ሲያልቅ የማረጋገጫ ቁጥሩ እዚያው ስክሪኑ ላይ ይወጣል፤ ደውሎ ገንዘብ ላኩ የሚል ሰው የለም። የብራውዘሩን ሂስትሪ ከፈትኩ። የአሜሪካ መንግሥት ድረ ገጽ አድራሻው በዶት ገቭ ነው የሚያልቀው። እነሱ ያን ቀን የገቡበት ግን በዶት ኮም ያልቃል። ከሱ በፊት ያለችውን መስመር ሳይ ደግሞ ዲቪ ብለው የፈለጉበት ገጽ ራሱ ጉግል አይደለም። ጉግልን ይመስላል እንጂ ሌላ ነው። መጀመሪያ ላይ የሚደረድራቸው ውጤቶች ሁሉ ማስታወቂያ ናቸው፤ ማስታወቂያ መሆናቸውን የምትናገረው ቃል ደግሞ በጣም ትንሽ፣ በጣም ፈዛዛ ናት።

ምዝገባው ሊዘጋ ጥቂት ቀን ቀርቶት ስለነበር ልጁን በትክክለኛው ገጽ እንደገና መዘገብኩት፣ ቁጥሩንም ፕሪንት አድርጌ ሰጠኋቸው። ገንዘቡን እኔ ልተካልዎ ብል አሻፈረኝ አሉ፤ ለምኜ ግማሹን ተቀበሉኝ። የልጁ ፎቶና የትውልድ ቀን ማን እጅ እንደገባ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። ይህን ሳስብ አሁንም ይከነክነኛል።

ያን ቀን ማታ ቤቱን ዘግቼ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። እንዴት ገባ? ልጅቷን ጠየቅኳት። ቀደም ብሎ አንድ ተማሪ ፒዲኤፌን ወደ ወርድ ቀይሩልኝ ብሎ መጥቶ ነበር አለችኝ። እሷም በነጻ የሚገኝ መቀየሪያ አውርዳ ጫነች። ፋይሉ ዳውንሎድ ውስጥ ስለነበር እንደገና ከፍቼ አንድ በአንድ እያነበብኩ ሄድኩ። ኔክስት፣ ኔክስት፣ ሦስተኛው ላይ አገኘኋት። አስቀድሞ የራይት ምልክት የተደረገባት ትንሽ ሳጥን። ሆምፔጅህንና መፈለጊያህን እንቀይርልህ ትላለች፤ ምልክቱን ካላጠፋችሁት እንደተስማማችሁ ነው የሚቆጠረው። ልጅቷን አልወቅሳትም። ሁላችንም ኔክስት ኔክስት ፊኒሽ ብለን ነው የምንጭነው። እኔም ያን ቀን ወንበሯ ላይ ብሆን ያው ነበርኩ።

ፕሮግራሙን ከኮምፒውተሩ አጠፋሁት። ከዚያ ሴቲንግ ገብቼ ሆምፔጁን ቀየርኩ። ብራውዘሩን ዘግቼ ስከፍት ያ ገጽ ተመልሶ ቁጭ ብሏል። ደግሜ ቀየርኩ። አሁንም ያው። የዚህን ምክንያት ላስረዳ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ቀይሬ ነበር እምቢ አለኝ እያለ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው።

ሆምፔጅ እያልን በአንድ ስም የምንጠራው ነገር ለካ ሦስት ነው። አንደኛዋ፣ ከአድራሻ መጻፊያው አጠገብ ያለችውን የቤት ምልክት ስንጫን የምትመጣው ገጽ ናት፤ ኪቦርድ ላይ አልት እና ሆም አንድ ላይ ቢጫኑም እሷው ትመጣለች። ትክክለኛዋ ሆምፔጅ ይህች ናት። ሁለተኛዋ፣ ብራውዘሩ ተዘግቶ ሲከፈት የምትመጣዋ ናት። ሦስተኛዋ፣ የመደመር ምልክቷን ተጭነን አዲስ ታብ ስንከፍት የምትመጣዋ። ክሮም ላይ ሦስቱም የየራሳቸው ቦታ አላቸው። አንዷን ቀይረን ሌሎቹን ካልነካን፣ አንዱን በር ቆልፈን በሌሎቹ ሌባ እንደማስገባት ነው። የመፈለጊያው ምርጫ ደግሞ ከነዚህ ተለይቶ ለብቻው አለ፤ አድራሻ መጻፊያው ላይ ቃል ጽፈን ኢንተር ስንል ወዴት እንደሚወስደን የሚወስነው እሱ ነው።

እኔ ሴቲንግ ላይ የሚቀየሩትን ሁሉ አስተካከልኩ። አሁንም ያ ገጽ መጣ!

በነጋታው ፖሊ የሚማር የጎረቤት ልጅ ጠራሁ። ሴቲንጉን አልነካም። ዴስክቶፑ ላይ ያለችውን የክሮም ምልክት ቀኝ ክሊክ አደረገና ፕሮፐርቲስ ገባ። ታርጌት የምትል ጠባብ መስመር አለች፤ ጽሑፉ ረጅም ስለሆነ ግማሹ ብቻ ነው የሚታየው። "እትዬ፣ ኩርሰሯን ወደ መጨረሻው ውሰጃት" አለኝ። ወሰድኳት። ክሮም ዶት ኢኤክስኢ ይልና ትምህርተ ጥቅሱ ይዘጋል። እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም። አንድ ክፍት ቦታ ይተውና ያ የውሸት ገጽ አድራሻ ይቀጥላል። ምልክቷን ሁለቴ በተጫንን ቁጥር ክሮምን ክፈት፣ ይህንንም ገጽ አብረህ ክፈት ብለን እኛው ስናዝ ነበር ማለት ነው። ከትምህርተ ጥቅሱ በኋላ ያለውን ደለትነው፣ ኦኬ አልነው፣ አለቀ። ታች ባሩ ላይ የተሰካችው የክሮም ምልክት ደግሞ ራሷን የቻለች ሾርትከት ናት፣ እሷም ውስጥ ያው አድራሻ ተለጥፎ አገኘን።

ልጁ ኤክስቴንሽኖቹንም አንድ በአንድ አየልኝ። ኤክስቴንሽን ማለት ብራውዘሩ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ፕሮግራም ናት። ክሮምም ሆነ ፋየርፎክስ አዲስ ታብን ወደፈለግነው አድራሻ የምንቀይርበት ቦታ በሴቲንግ ውስጥ አልሰጡንም፤ በኤክስቴንሽን ነው የሚሆነው። ስለዚህ አዲስ ታብ ስትከፍቱ የማታውቁት ገጽ ከመጣ መጀመሪያ እዚያ ግቡ፤ እኔ ጭኜዋለሁ የማትሏትን አጥፏት። ሴቲንግ ውስጥ ይህ ብራውዘር በድርጅትዎ ነው የሚተዳደረው የሚል ጽሑፍ ብታዩም ጠርጥሩ። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነ ደንበኛ ነገር ነው። የግል ላፕቶፕ ከሆነ ግን የማን ድርጅት ነው? አንዳንድ አጭበርባሪ ፕሮግራም ሆምፔጁን እንዳንቀይረው የሚቆልፈው በዚያ መንገድ ነው፤ ያኔ እውቀት ላለው ሰው ማሳየት ይሻላል።

ግን ለምንድን ነው አንድ የማላውቀው ሰው ባሕር ዳር ያለች የአንዲት ኮፒ ቤት የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይህን ያህል የሚደክመው? እኔም ይህን ነበር የጠየቅኩት። መልሱ ገንዘብ ነው። ሰው የመጣለትን ነው የሚጠቀመው፤ መቶ ሰው ቢገባ የሚቀይረው ጥቂቱ ነው። መጀመሪያ የሚመጣውን የያዘ ሰው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ይዟል፤ በየፍለጋው ማስታወቂያ ያሳያል፣ ማስታወቂያው በተነካ ቁጥር ይከፈለዋል። ትልልቆቹም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ጉግል ለአፕል 20 ቢሊዮን ዶላር እንደከፈለ አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት በቀረበ ሰነድ ታይቷል። ለምን? የአፕል ብራውዘር በሆነው ሳፋሪ ላይ መፈለጊያው አስቀድሞ ጉግል ሆኖ እንዲመጣ። 20 ቢሊዮን ዶላር! ሰውየው ራሱ ገብቶ እንዳይቀይረው የሚከለክል ነገር የለም፤ ግን እንደማይቀይረው ስለሚያውቁ ነው የከፈሉት። እነሱ በሕጋዊ ውል የሚገዙትን ነገር ያ የፒዲኤፍ መቀየሪያ ከኔ ቤት በአንዲት ራይት ወሰደው።

አሁን አቀያየሩን ልጻፍ። ጋዜጣውን ቆርጣችሁ ኮምፒውተሩ አጠገብ ብትለጥፉት ደስ ይለኛል።

ክሮም ላይ ከሆናችሁ ከላይ በስተቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጫኑና ሴቲንግ ግቡ፤ በአማርኛ ከሆነ ቅንብሮች ይላል። መልክን የሚመለከተው ክፍል ውስጥ የቤት ምልክቷን አሳይ የምትል ማብሪያ አለች። ክሮም ሲጫን የቤት ምልክቷ ስለማትታይ ብዙ ሰው ክሮም ሆምፔጅ የለውም ይላል፤ አለው፣ ተደብቆ ነው። አብሯትና ከሥሯ የምትፈልጉትን አድራሻ ጻፉ። ከዚያ ወደ ታች ውረዱ፤ ሲጀመር ምን ይከፈት የሚል ሦስት ምርጫ አለ። አንዱ አዲስ ታብ ይከፍታል፣ አንዱ ካቆማችሁበት ይቀጥላል፣ አንዱ እናንተ የመረጣችኋቸውን ገጾች ይከፍታል፤ አንድም ሆነ አምስት ገጽ መስጠት ትችላላችሁ። ፋየርፎክስ ላይ ሴቲንግ ገብታችሁ ሆም የሚለውን ስትጫኑ ሆምፔጅና አዲስ መስኮት አንድ ላይ፣ አዲስ ታብ ለብቻው ታገኛላችሁ። ኤጅ ላይም ስታርት፣ ሆምና አዲስ ታብ በአንድ ርዕስ ሥር ናቸው። የድሮውን ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር አሁንም የምትከፍቱ ካላችሁ ግን እባካችሁ ተዉት። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2022 ጡረታ አውጥቶታል።

እዚህ ላይ ለሥራ ባልደረቦቼ ጠበቅ አድርጌ የምናገረው አለ። ሰው በሚፈራረቅበት ኮምፒውተር ላይ ካቆምኩበት ቀጥል የሚለውን በጭራሽ አትምረጡ። የራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ ጥሩ ነገር ነው። በኛ ቤት ግን ጠዋት የመጣችው ልጅ ኢሜይሏን ሳትወጣ ብራውዘሩን ብትዘጋ፣ ከሰዓት የሚመጣው ሰው ሲከፍት ኢሜይሏ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል። መዝጋት መውጣት ይመስላታል፤ አይደለም። እኔ ይህን ራሴ ቤት አይቼ ነው የምናገረው፣ ደግነቱ ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነበርኩ።

ዲፕ ፍሪዝ የሚባለውን ፕሮግራም የጫናችሁም አላችሁ። ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ወደ ድሮው ስለሚመልሰው ከቫይረስ ብዙ አስጥሎናል። ግን ሆምፔጁ ከተበላሸ በኋላ ፍሪዝ ካደረጋችሁት የሚመለሰው ወደ ተበላሸው ነው። ማታ ቀይራችሁት ጠዋት ያው ይሆናል። መጀመሪያ ፍሪዙን አንሱ፣ አስተካክሉ፣ ከዚያ መልሳችሁ ፍሪዝ አድርጉ።

አንዳንድ ሰው ደግሞ ሆምፔጅ ያለፈበት ነገር ነው፣ አሁን ሁሉም በስልክ ነው ይለኛል። ስልክ ላይም እኮ አለ። ከስልኩ ጋር ተጭኖ የሚመጣውን ብራውዘር ክፈቱት፤ ገና ምንም ሳትጽፉ ከላይ እስከ ታች ፎቶ ነው። የኳስ ወሬ፣ የታዋቂ ሰው ወሬ፣ የማይታወቅ መድኃኒት ማስታወቂያ። ያ ሁሉ ፎቶ የሚወርደው በእናንተ ጥቅል ነው። ትንሽ ዳታ ገዝቶ አንድ ነገር ሊያይ ለገባ ሰው ይህ ጉዳት ነው። አንድሮይድ ስልክ ላይ ክሮም ካላችሁ ሦስት ነጥቦቹን ነክታችሁ ሴቲንግ፣ ከዚያ ሆምፔጅ ብትገቡ የራሳችሁን አድራሻ መስጠት ትችላላችሁ። ከሥር የሚደረደረውን ወሬም ማጥፋት ይቻላል። አይፎን ላይ ሳፋሪ ሆምፔጅ የሚባል ነገር የለውም፤ የምታዘወትሩትን ገጽ እንደ አፕ አድርጋችሁ ስክሪኑ ላይ ማስቀመጥ ነው ያለው።

ግን በምን እንቀይረው? ይህ ነው ዋናው። አንዱን ኩባንያ አውጥቶ ሌላውን ማስገባት ብቻ ከሆነ ብዙም አልደከምንም። ባዶ ገጽ ማድረግ ይቻላል፣ ባዶ ገጽ ፈጣን ነው፣ ዳታም አይበላም። ለራሴ ስልክ እንደዚያ ነው ያደረግኩት። ለቤቱ ግን ሌላ ነገር አሰብኩ። የራሳችንን ገጽ ብንሠራስ?

ድረ ገጽ መግዛት አያስፈልግም። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠ አንድ ፋይልም ሆምፔጅ መሆን ይችላል። ወርድ ላይ የምትፈልጉትን ጽፋችሁ፣ እያንዳንዱን ከአድራሻው ጋር አያይዛችሁ፣ ሴቭ አዝ ብላችሁ ዌብ ፔጅ የሚለውን ብትመርጡ ይሆናል። ከዚያ ፋይሉን በብራውዘር ትከፍቱታላችሁ፣ ላይኛው መስመር ላይ የሚታየውን አድራሻ ኮፒ ታደርጋላችሁ፣ ሆምፔጅ መጻፊያው ላይ ፔስት ታደርጋላችሁ። ይኸው ነው።

እኔ በኖትፓድ ነው የሠራሁት፣ የፖሊው ልጅ እያሳየኝ። መጀመሪያ ስከፍተው አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ መጣ። ከላይ እስከ ታች ጥያቄ፣ ጥያቄ፣ ጥያቄ። ሁለት ሰዓት የለፋሁበት ነው፣ አለቀስኩ ማለት ይቻላል። ለካስ የኔ ኮምፒውተር የድሮ ዊንዶውስ ስለሆነ ኖትፓዱ ሴቭ ሲያደርግ አንሲ በሚባለው አጻጻፍ ነው፤ እሱ ደግሞ የኛን ፊደል አያውቅም። ሴቭ ስናደርግ ኢንኮዲንግ ከሚለው ላይ ዩቲኤፍ ስምንት መምረጥ ነበረብን። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም የየአገሩ ፊደል በኮምፒውተር በሚጻፍበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ ከገባ እኮ ቆይቷል፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው የገባው፤ ግን እኛ ቤት ድረስ ሳይበላሽ እንዲደርስ በየደረጃው ያለ ሰው ትክክለኛውን መምረጥ አለበት። ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ ፎንት የተተየበ አማርኛም ብራውዘር ላይ የማይነበብ የላቲን ፊደል ይሆናል፣ ስለዚህ ከድሮ ፋይል ኮፒ አታድርጉ፣ እንደ አዲስ ጻፉት።

አሁን የኔ ቤት ሆምፔጅ ይህን ይመስላል። ነጭ መደብ፣ ትልልቅ ጥቁር የአማርኛ ፊደል። ዲቪ መመዝገቢያ። ፓስፖርት። ፋይዳ መታወቂያ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ። የአማርኛ ውክፔዲያ። ኢሜይል። ጉግል መፈለጊያ። አድራሻዎቹን ከፍለጋ አልወሰድኩም፤ ከደብዳቤያቸው ራስጌ፣ ከራሳቸው ማስታወቂያ ላይ እያየሁ ፊደል በፊደል ጻፍኳቸው፣ ሁለት ሰው አመሳከረልኝ። ከሥር ደግሞ አንድ መስመር አለች፤ ፎርም ከሞላችሁ በኋላ ማንም ደውሎ ገንዘብ ላኩ ቢላችሁ፣ ከመላካችሁ በፊት እኛን ጠይቁን ትላለች። እሷን የጻፍኩት የዘጌዋን እናት እያሰብኩ ነው።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፣ በየሳምንቱ ይመጣሉ። ድሮ ወንበሩ ላይ ይቀመጡና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እኔ እስክመጣ ይጠብቁ ነበር፣ ምክንያቱም የሚከፈተው ሁሉ እንግሊዝኛ ነው፣ የቱን እንደሚነኩ አያውቁም። አዲሷን ገጽ ያደረግሁ ሰሞን መጡ። መነጽራቸውን አውጥተው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና አደረጉት። ስክሪኑን በለሆሳስ አነበቡ፤ ዲቪ፣ ፓስፖርት፣ ፋይዳ። ከዚያ ማውሱን ራሳቸው ያዙ። የአማርኛ ውክፔዲያ ላይ ሲገቡ አየሁ። አልጠሩኝም። አንድ ሰዓት ሙሉ ጣና ስለሚባለው ሐይቃችን፣ ስለ ደሴቶቹ፣ ስለ ገዳማቱ ሲያነቡ ቆዩና ሲወጡ "ልጄ፣ ይቺን ገጽ እንዳትነኪያት" አሉኝ።

ሌላም ጥቅም አላት። ፋይሉ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ስለሆነ ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ትከፈታለች። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የሞባይል ዳታ የተቋረጠ ጊዜ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፤ እስኪመለስ ብዙ ወር ነው የፈጀው፣ ብሮድባንድ የሚሠራለት ቤት በር ላይ ሰው እንደ ዳቦ ቤት ተሰልፎ አይቻለሁ። ያኔ እንዲህ ያለ ገጽ ቢኖረኝ ብዬ አስባለሁ። ስለ ማመልከቻ አጻጻፍ፣ ስለ ፎቶ ልክ፣ ስለሚያስፈልጉ ሰነዶች በአማርኛ ጽፌ ባስቀምጥበት፣ መስመር እስኪመጣ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ቢያንስ ወረቀቱን አዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። አሁን እየጨመርኩበት ነው።

ውድ አዘጋጅ፣ እናንተን የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ጋዜጣችሁ ላይ ለእንዲህ ያለ ነገር ትንሽ ጥግ ስጡን። ስለ ትልልቁ ቴክኖሎጂ፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብዙ ትጽፋላችሁ፣ ጥሩ ነው፣ እኔም አነባለሁ። ግን ከዘጌ በጀልባ መጥተው ዲቪ የሚያስሞሉት እናት የተጎዱት አንዲት ገጽ ተቀይራ ማንም ስላላየ ነው። የውሸት ገጽ በምን ይታወቃል፣ አድራሻው መጨረሻ ላይ ምን ይላል፣ ኔክስት ከማለታችን በፊት ምን እናንብብ፣ እንዲህ ያለውን በየሳምንቱ አንድ አንድ ብትጽፉልን ቆርጠን ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን። ኮምፒውተር የምትማሩ የፔዳና የፖሊ ልጆችም አላችሁ። እኔን የረዳኝ ልጅ የወሰደበት ጊዜ ከግማሽ ቀን አይበልጥም። በሠፈራችሁ ያለ አንድ ኮፒ ቤት ገብታችሁ አንድ ከሰዓት ብትሰጡት ስንት ሰው ትጠቅማላችሁ።

ለሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ፣ በፋሲሎም ሁኑ በሽምብጥ፣ ገጹን የምትፈልጉ ፍላሽ ይዛችሁ ኑ፣ ከነአሠራሩ በነጻ እሰጣችኋለሁ። የቤታችሁን ስምና የምትፈልጓቸውን አድራሻዎች ብቻ መቀየር ነው። ከሰዓት ተማሪ ስለሚበዛብኝ ጠዋት ብትመጡ ይሻላል። ፍላሹን መጀመሪያ በቫይረስ መፈተሻ አሳልፈዋለሁ፣ ቅር እንዳይላችሁ።

አክባሪያችሁ
የጽሕፈትና ኮፒ ቤት ባለቤት፣ ከባሕር ዳር